ሕመምን ዝም የሚያሰኙ ክኒኖች፣ በዝምታ የሚጎዱ ኩላሊትና ጉበት

ባሕር ዳር፦ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከደጋው ወረዳዎች ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዙ ነው። ማጭዱን፣ ጋቢውንና ስንቁን ይዞ ከሚጓዘው ከዚህ ሠራተኛ ኪስ ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር አትጠፋም፤ በላስቲክ የተጠቀለለች የሕመም ማስታገሻ ክኒን። ጠዋት ከሥራ በፊት አንድ፣ ማታ ከመኝታ በፊት አንድ ወይም ሁለት ትዋጣለች። ማን እንዳዘዛት፣ ስሟ ማን እንደሆነ፣ ስንት ቀን ልትወሰድ እንደሚገባት የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ይህ ልማድ የቆላው የቀን ሠራተኛ ብቻ አይደለም። በደጋው አርሶ አደር፣ በከተማው ግንበኛ፣ ጀበና ጥዳ በምትውል እናት፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ በሚቀመጥ የቢሮ ሠራተኛም ቤት ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከቅርብ ዘመዱ ቤት አይቶታል።

አጎቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ በእርሻ ያሳለፉ ሰው ናቸው። አንድ ዓመት በኅዳር የጤፍ አጨዳ ላይ ሳገኛቸው ከደረት ኪሳቸው ነጭ ክኒን አውጥተው ያለ ውኃ ዋጡ።

«ጋሼ፣ ይህን ክኒን ማን አዘዘልዎት?» አልኋቸው።

«ማን ያዝልኛል ልጄ! ወገቤ ነው ያዘዘልኝ። ይህችን ጠዋትና ማታ ካልዋጥሁ ማጭድ አልጨብጥም» አሉኝ።

ክኒኑ ከማሸጊያው ተቆርጦ በነጠላ የተገዛ በመሆኑ ስሙም መጠኑም የመጠቀሚያ ጊዜውም አይታወቅም ነበር። ከወራት በኋላ እግራቸው ማበጥ፣ ምግብ ማስጠላትና ድካም ሲበረታባቸው ወደ ሕክምና ሄዱ። የደም ምርመራው ኩላሊታቸው መዳከሙን አሳየ። ሐኪሙ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ ሲጠይቃቸው «ምንም የለም» ብለው መለሱ። አልዋሹም። ከሱቅ በሳንቲም የምትገዛዋን፣ ለዓመታት በኪሳቸው የኖረችዋን ክኒን መድኃኒት ብለው ቆጥረዋት አያውቁም።

የችግሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። በየሱቁና በየገበያው በቀላሉ የሚገኙ መድኃኒቶች መድኃኒት መሆናቸው እየተዘነጋ መጥቷል። ከዚያ የሚከተለው አደጋ ደግሞ ድርብ ዝምታ አለበት። ክኒኑ የሰውነትን የማስጠንቀቂያ ደወል፣ ማለትም ሕመምን፣ ዝም ያሰኛል፤ የሚጎዱት ኩላሊትና ጉበት ደግሞ አብዛኛው አቅማቸው እስኪያልቅ ድረስ ራሳቸው አይናገሩም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ብሂል በዚህ ጉዳይ ላይ ተገላብጦ ይሠራል፤ መድኃኒቱ ራሱ በሽታውን ይደብቃልና።

ውኃ ሲያንስ የሚዘጋው በር

ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን እስከ 180 ሊትር የሚደርስ ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። አብዛኛውን መልሰው ወደ ደም ያስገቡና ቆሻሻውን ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር በሚሆን ሽንት ያስወግዳሉ። እያንዳንዱ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። ከእነዚህ ማጣሪያዎች አንዱ ከሞተ በምትኩ ሌላ አይበቅልም፤ የቀሩት የሟቹን ሥራ ደርበው ይሸከማሉ። ሰውየው ለብዙ ጊዜ ጤነኛ መስሎ የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲንና መሰል ማስታገሻዎች ሕመምንና እብጠትን የሚቀንሱት ፕሮስታግላንዲን የተባለውን በሰውነት ውስጥ የሚመረት ንጥረ ነገር በማገድ ነው። ይህ ንጥረ ነገር ሕመም ከመቀስቀስ ሌላ አንድ ጠቃሚ ሥራ አለው፤ ወደ ኩላሊት የሚገባው ደም እንዳይቀንስ የደም ሥሩን ከፍቶ ይይዛል። በመስኖ የሚያለማ አርሶ አደር ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ወንዙ ሲሞላ የቦዩ በር ትንሽ ቢጠብም ማሳው አይደርቅም። ወንዙ ሲጎድል ግን በሩ ወለል ብሎ ካልተከፈተ ውኃው ማሳው ላይ አይደርስም። ማስታገሻው በሩን የሚያጠበው ታዲያ ብዙ ጊዜ ወንዙ በጎደለበት ሰዓት ነው።

ወንዙ የሚጎድለው መቼ ነው? በሐሩር ሲታጨድ ላብ ሲወርድና የሚጠጣ ውኃ ሲያንስ ነው። ተቅማጥና ትውከት ሲበዛም፣ ጾም ውሎ በባዶ ሆድ ሲሠራም፣ ደም ሲፈስም እንዲሁ ነው። ለጤነኛ ሰው፣ በትክክለኛው መጠን፣ ለጥቂት ቀናት፣ ምግብና በቂ ውኃ ተወስዶ የሚዋጥ ዳይክሎፌናክ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት አያደርስም። ያው ክኒን በሐሩር ቆላ፣ ውኃ በጠማው ሰውነት ላይ፣ በየዕለቱ ለወራት ሲወሰድ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ጨጓራን አቁስሎ ማድማቱም የታወቀ ነው።

መጠኑም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የዳይክሎፌናክ ክኒን በ25፣ በ50 እና በ100 ሚሊግራም ይመረታል። ለአዋቂ በአንድ ቀን ውስጥ ከ150 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይመከራል። ከማሸጊያው ተቆርጦ በነጠላ የተሸጠን ክኒን የዋጠ ሰው 25 ይዋጥ 100 በምን ያውቃል?

ከጥንብ አንሳ የተገኘ ትምህርት

ዳይክሎፌናክ ኩላሊት ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከታዩት ማስረጃዎች ሁሉ አስደንጋጩ የመጣው ከከብት እርባታ ነው። በሕንድ፣ በፓኪስታንና በኔፓል አርቢዎች ለታመሙና ለሚያነክሱ ከብቶቻቸው ይህንኑ መድኃኒት በስፋት ይሰጡ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በአካባቢው የሚኖሩ ሦስት የጥንብ አንሳ ዝርያዎች በፍጥነት መመናመን ጀመሩ፤ ቁጥራቸውም ከ95 በመቶ በላይ አሽቆለቆለ።

ምክንያቱ ለዓመታት እንቆቅልሽ ሆኖ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ሆነ። ወፎቹ ሊሞቱ ሲሉ ዳይክሎፌናክ የተወጉ ከብቶችን በድን በልተው ነበር፤ ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ የውስጥ አካላቸው በነጭ ብናኝ ተሸፍኖ ተገኘ። ሦስቱም አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መድኃኒቱ ለከብት እንዳይውል አገዱ።

ሰው ጥንብ አንሳ አይደለም፤ መድኃኒቱን የመቋቋም አቅሙም እጅግ የላቀ ነው። ሆኖም ታሪኩ አንድ ነገር ያስረዳል። መድኃኒት የሚታወቀው በሚያስታግሰው ሕመም ብቻ አይደለም፤ ከሰውነት እስኪወጣ ድረስ በሚያልፍባቸው አካላት ላይ በሚተወው አሻራም ጭምር ነው። በግብርና ኮሌጅ ስንማር ኦክሲቴትራሳይክሊን የተወጋች ላም ወተቷ የተወሰኑ ቀናት ሳይሞላ ለምግብ እንዳይውል አጥብቀው ያስተምሩን ነበር። ለላሚቱ ወተት ቀን የምንቆጥር ሰዎች ለራሳችን ኩላሊት ቀን አለመቁጠራችን ያስገርማል። የእንስሳት መድኃኒትን ለሰው መስጠትም በምንም ምክንያት ሊደረግ አይገባም።

ፓራሲታሞልና የጉበት ጓዳ

ፓራሲታሞል በትክክለኛው መጠን ሲወሰድ ደኅንነታቸው ከተመሰከረላቸው የሕመምና የትኩሳት ማስታገሻዎች አንዱ ነው። ለእርጉዝ ሴት፣ ለሕፃንና ለአዛውንት በቅድሚያ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ደኅንነቱ ግን ከመጠኑ ጋር የታሰረ ነው። በአሜሪካና በእንግሊዝ ለድንገተኛ የጉበት ሥራ ማቆም ቀዳሚው ምክንያት ከመጠን በላይ የተወሰደ ፓራሲታሞል ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጉበት የተዋጠውን ፓራሲታሞል አብዛኛውን ጉዳት አልባ አድርጎ ያስወግዳል። ጥቂቱ ግን ወደ መርዛማ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ይህን መርዝ ለማምከን ጉበት ግሉታታዮን የተባለ ክምችት በጓዳው ይዟል። መጠኑ ሲያልፍ መርዙ ይበዛል፤ ጓዳው ባዶ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ መርዙ የጉበትን ሕዋሳት ይገድላል። በተደጋጋሚ አልኮል የሚጠጣ፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ ወይም ለቀናት ሳይበላ የቆየ ሰው ጓዳው ከመጀመሪያውም ጎዶሎ ስለሆነ ሌላውን የማይጎዳ መጠን ሊጎዳው ይችላል። ማታ አረቄ ጠጥቶ ጠዋት ለራስ ምታቱ ክኒን እየደራረበ የሚውጥ ሰው ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

ለጤነኛ አዋቂ የሚፈቀደው በአንድ ጊዜ ባለ 500 ሚሊግራም አንድ ወይም ሁለት ክኒን ሲሆን በሁለት አወሳሰዶች መካከል ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ሊቆይ ይገባል። በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ክኒን፣ ማለትም ከአራት ግራም፣ ማለፍ የለበትም። ክብደቱ ከ50 ኪሎ ግራም በታች የሆነ ሰው ከዚህ ያነሰ ሊወስድ ስለሚገባው ባለሙያ ማማከር አለበት።

ብዙዎች ከዚህ ወሰን የሚያልፉት ሳያውቁት ነው። ለጉንፋን የሚሸጡ ብዙ ድብልቅ ክኒኖች በውስጣቸው ፓራሲታሞል አላቸው። አንድ ሰው ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል፣ ለጉንፋኑ ድብልቅ ክኒን፣ ለጀርባ ሕመሙ ደግሞ ሌላ ስም ያለው ማስታገሻ ሲወስድ ሦስት የተለያዩ መድኃኒቶች የወሰደ ይመስለዋል። በውስጣቸው ግን አንዱ ንጥረ ነገር ሦስት ጊዜ ተደግሞ ሊሆን ይችላል። የንግድ ስም ይለያያል፤ ጉበት የሚያውቀው ግን የንጥረ ነገሩን ስም ብቻ ነው።

በሕፃናት ላይ ስሕተቱ የሚጀምረው ከማንኪያው ነው። የፓራሲታሞል ሽሮፕ ጥንካሬው ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል፤ የወጥ ቤት ማንኪያዎችም መጠናቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ለልጅ የሚሰጠው በክብደቱ ተሰልቶ፣ በአንድ ጊዜ ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው። ለታላቁ ልጅ የታዘዘውን ለታናሹ መስጠት፣ ትኩሳቱ ቶሎ አልወርድ ሲል ሰዓቱ ሳይደርስ መድገም አደጋ አለው።

ከሁሉ የሚከፋው ከመጠን ያለፈው ፓራሲታሞል በመጀመሪያው ቀን የሚያሳየው ምልክት ትንሽ መሆኑ ነው። ማቅለሽለሽና ትውከት ሊኖር ይችላል፤ አንዳንዱ ምንም አይሰማውም። በቀኝ ጎን ከጎድን አጥንት በታች ሕመም፣ የዓይን ቢጫ መሆንና መዘባረቅ የሚከተሉት ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ማርከሻ መድኃኒት አለ፤ ነገር ግን ከሁሉ የበለጠ የሚሠራው በስምንት ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ስለዚህ ከመጠን በላይ መወሰዱ የታወቀ እንደሆነ ሕመም እስኪሰማ መጠበቅ ጊዜን መግደል ብቻ ሳይሆን ጉበትን መግደል ነው።

ሲደራረቡ፣ ሲያረጁ፣ ሲጭበረበሩ

ማስታገሻ ብቻውን ሲወሰድና ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲወሰድ ጉዳቱ አንድ አይደለም። ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ ሰው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከደረበበት ሦስቱ ተባብረው ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ያጎድላሉ። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ለኩላሊት መድከም ዋነኞቹ ምክንያቶች ስለሆኑ እነዚህ ሕመሞች ያሉበት ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ እነዚህን ማስታገሻዎች ሊነካ አይገባም። እርጉዝ ሴትም እንዲሁ ናት፤ በተለይ ከሃያኛው ሳምንት በኋላ የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ።

የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶችም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ጄንታማይሲን የተባለው መርፌ በክብደት ተሰልቶና ኩላሊት እየተመረመረ ካልተሰጠ ኩላሊትንም መስሚያን ይጎዳል። በሰፈር ውስጥ ያለ ፈቃድ መርፌ ከሚወጋ ሰው መወጋት የሚያስፈራው በመርፌው ንጽሕና ብቻ አይደለም። በየቤቱ ጣሪያ ሥር በሳጥን የሚቀመጠው ቴትራሳይክሊንም ምሳሌ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጡ የሕክምና ዘገባዎች ያረጀና የተበላሸ ቴትራሳይክሊን የወሰዱ ሰዎች ኩላሊታቸው እንደተጎዳ መዝግበዋል።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶች፣ በተለይ አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፓይራዚናማይድ፣ በአንዳንድ ታካሚዎች ጉበት ላይ ጫና ያደርሳሉ። ይህ ማለት ግን መድኃኒቱ ይቋረጥ ማለት አይደለም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቋረጥ ሕይወትን ለአደጋ ይጥላል፤ መድኃኒቱን የለመደ በሽታም ይፈጥራል። ታካሚው ሊያደርግ የሚገባው መጠጥ መተው፣ ሌላ ክኒን አለመደረብ፣ ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ወይም ሽንቱ ሲጠቁር ወዲያውኑ ወደሚታከምበት ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

የመድኃኒቱ ምንጭም ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በጋምቢያ ወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናት በኩላሊት ሥራ ማቆም ሞተዋል። የተሰጣቸው የሳልና የጉንፋን ሽሮፕ ለፋብሪካ ሥራ በሚውል መርዛማ ፈሳሽ ተበክሎ ተገኝቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የጋምቢያ ወላጆች ጥፋት አልነበረባቸውም፤ መድኃኒቱን ለልጆቻቸው የሰጡት በእምነት ነበር። ምንጩ ያልታወቀ፣ በኮንትሮባንድ የገባ፣ ገበያ መሐል በፀሐይ ተዘርግቶ የሚሸጥ መድኃኒት ምን እንደያዘ ግን ሻጩም አያውቅም።

«ከፋብሪካ የወጣው ይቅር፤ የዕፅዋት ይሻለኛል» የሚልም አለ። ዕፅዋት ለብዙ መድኃኒቶች መነሻ መሆናቸው እውነት ነው፤ ተፈጥሯዊ ሁሉ ጉዳት አልባ ነው ማለት ግን አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በሽሬ አካባቢ በምትገኝ አንዲት የገጠር መንደር ሆድ የሚያሳብጥና የሚገድል የጉበት በሽታ ተከሥቶ ነበር። ምርመራው ከእህል ጋር የተቀላቀለ የአረም ዘር ላይ ደረሰ። አረሙ የያዘው መርዝ በየዕለቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተበላ ጉበትን ያጠፋ ነበር። መጠኑ የማይታወቅ የሥርና የቅጠል መጠጥ ከክኒን ጋር የሚደርብ ሰው ይህን ታሪክ ሊያስታውስ ይገባል።

ለምን እንዲህ ሆነ?

ይህን ሁሉ ባለማወቅ ብቻ ማመካኘት ትክክል አይሆንም። አርሶ አደሩ ሲያሰላ ስሌቱ ልክ ይመስላል። ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፤ ወረፋው ቀን ይፈጃል፤ በአጨዳ ወቅት አንድ ቀን ማጣት ሰብል ማጣት ሊሆን ይችላል። ደርሶም «መድኃኒቱ አልቋል፤ ከውጭ ግዙ» ሊባል ይችላል። ሱቁ ግን ቅርብ ነው፤ ክኒኑ ርካሽ ነው፤ ወገቡም በግማሽ ሰዓት ይላላል። የቀን ሠራተኛውም ቢሆን ካልሠራ አይከፈለውም። እናም ክኒኑ ከሕክምናነት ይልቅ ከሰውነት የሚወሰድ ብድር ሆኗል። ብድሩ ደግሞ ወለድ አለው።

ወለዱ ምን ያህል ነው? ኩላሊቱ ጨርሶ ሥራ ያቆመ ሰው ለመኖር በተለምዶ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አራት ሰዓት ያህል የኩላሊት እጥበት ያስፈልገዋል። አገልግሎቱ የሚገኘው በዋና ዋና ከተሞች በመሆኑ የገጠር ታካሚ ከብቱን ሸጦ፣ ቤቱን ዘግቶ ከተማ መክተም ይኖርበታል። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተጀምሯል፤ ለዚያም ኩላሊቱን የሚለግስ ዘመድ መገኘት አለበት። በነጠላ ክኒን የተተረፈች አንዲት የሥራ ቀን የአንድ ቤተሰብን ጥሪት ሁሉ ልትበላ ትችላለች።

በዚህ መንገድ ያለፍን የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። ባለፈው ክፍለ ዘመን በስዊድን ሁስክቫርና ከተማ የነበሩ የፋብሪካ ሠራተኞች ሥራውን ለመቋቋም ፌናሴቲን የተባለ ማስታገሻ ያለበትን ዱቄት በየዕለቱ ይወስዱ ነበር፤ በኋላም ብዙዎቹ ኩላሊታቸው ተጎዳ። በአውስትራሊያም ተመሳሳይ ድብልቅ ዱቄቶች በየሱቁ ይሸጡ ነበር። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1979 ድብልቅ ማስታገሻዎችን ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጡ ካገደች በኋላ በዚህ ምክንያት የሚመጣው የኩላሊት ሕመም እየቀነሰ ሄደ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1998 ፓራሲታሞል በሱቅ በአንድ ማሸጊያ ከ16፣ በመድኃኒት መደብር ከ32 ክኒን በላይ እንዳይሸጥ ወሰነች፤ በመድኃኒቱ የሚከሠተው ሞትም ቀነሰ። ከእነዚህ አገሮች የምንማረው ነገር ግልጽ ነው። ምክር ብቻውን አልበቃም፤ የሽያጩ ሥርዓት ሲስተካከል ግን ሕይወት ተረፈ።

ምን ይደረግ?

ሕጉ በእኛም አገር አለ። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒት ከምርት እስከ ሽያጭ ድረስ ቁጥጥር እንዲደረግበት ደንግጓል። የፌዴራሉ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንና የክልሎች ተቆጣጣሪዎችም ይህን የማስፈጸም ኃላፊነት አለባቸው። የሚቀረው የገበያ ቀን ቁጥጥር ነው። ተቆጣጣሪው በሥራ ቀን የከተማውን መድኃኒት መደብር ብቻ ቢጎበኝ ቅዳሜ ገበያ ላይ በላስቲክ የተዘረጋውን ክኒን አያየውም። በአጨዳ ወቅት ሠራተኛ በሚከማችባቸው የቆላ ወረዳዎችም ቁጥጥሩም ሕክምናው በጊዜያዊነት ወደ እርሻው ሊጠጋ ይገባል።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለአርሶ አደሩ የሕክምና በር ከፍቷል። በሩ ተከፍቶ ጓዳው ባዶ ከሆነ ግን ሰው ተመልሶ ወደ ሱቁ ይሄዳል። ስለዚህ የመድን አባሉ በሚታከምበት ጤና ጣቢያ መሠረታዊ መድኃኒቶችና የኩላሊትና የጉበት ምርመራ መገኘታቸው የቁጥጥሩ ሌላው ግማሽ ነው።

መድኃኒት የሚያድሉ ባለሙያዎች በወረቀት ፖስታው ላይ «1×3» ብለው ከመጻፍ አልፈው የመድኃኒቱን ስም፣ ለስንት ቀን እንደሚወሰድና ከምን ጋር እንደማይወሰድ በአማርኛ በግልጽ ቢጽፉ ብዙ ይተርፋል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ቤት ለቤት ሲዞሩ «መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብለው ከመጠየቅ ይልቅ «ለሕመም የሚውጡትን ክኒን ያሳዩኝ» ቢሉ የአጎቴ ዓይነቱ መልስ አያታልላቸውም።

የግብርና ባለሙያዎችም ድርሻ አለን። አርሶ አደሩ ቱፎርዲ የተባለውን ፀረ አረም ሲገዛ ለአንድ ሔክታር ስንት ሊትር፣ በስንት ውኃ ተበጥብጦ፣ ሰብሉ በየትኛው ዕድገት ላይ ሲሆን እንደሚረጭ ይጠይቃል። መጠኑ ካለፈ ሰብሉ እንደሚቃጠል ያውቃልና። በአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከል ስለ ጠርሙሱ ጽሑፍ በምናስተምርበት ሰዓት ስለ ክኒኑ ማሸጊያም አሥር ደቂቃ መጨመር አያቅትም። ትምህርቱ አንድ ነው፤ ስሙን፣ መጠኑን፣ ጊዜውን እወቅ።

በየቤታችን ደግሞ የሚከተሉትን ማድረግ ከማናችንም አቅም በላይ አይደለም፦

ስሙና የመጠቀሚያ ጊዜው የማይታይ፣ ከማሸጊያው የወጣ ክኒን አለመግዛት፤ መድኃኒትን ፈቃድ ካለው መደብር ብቻ መግዛት።

ሁለት ማስታገሻዎችን በአንድ ጊዜ ከመውሰድ በፊት የንጥረ ነገሩን ስም ከባለሙያ ጋር ማመሳከር።

ሕመሙ ከሦስት ቀን በላይ ከቀጠለ ክኒኑን ከመጨመር ይልቅ መመርመር።

ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም ብርቱ የውኃ ጥም ባለበት ጊዜ ዳይክሎፌናክንና አይቡፕሮፌንን አለመውሰድ።

ለሌላ ሰው የታዘዘን መድኃኒት አለመዋስ፣ የተረፈንም አለማስቀመጥ።

ወደ ሕክምና ሲሄዱ የሚወስዱትን ክኒን፣ መርፌና የባህል መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዞ መሄድ።

የሽንት መጠን ከቀነሰ ወይም አረፋ ከበዛበት፣ ፊት ወይም እግር ካበጠ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ፣ ትውከትና ማሳከክ ከበረታ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ለነገ የሚባል አይደለም።

የአጎቴ ኩላሊት ጨርሶ አልሞተም። ክኒኑን ትተዋል፤ የደም ግፊት እንዳለባቸውም የታወቀው ያን ጊዜ ነው፤ በየጊዜው እየተመረመሩ ይኖራሉ። ወገባቸው አሁንም ያማቸዋል። በዘንድሮው አጨዳ ላይ ግን እንደ ድሮው ማለዳ ወጥተው ማታ አልገቡም። ሲያማቸው ያርፋሉ፤ ውኃ ይጠጣሉ፤ የቀረውን ጎረቤት በደቦ ያግዛቸዋል።

«ወገቤ ሲጮኽ ዝም አሰኘው ነበር ልጄ፤ ለካ የሚጮኸው ለእኔው ኖሯል» አሉኝ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል የአገራችን ሰው። እሳቱ በማይታይበት በዚህ ጉዳይ ቅጠሉን ማንሣት የሚገባን ጢሱ ሳይወጣ ነው።